የጉባ ውኃ ልክ በየማለዳው ይነገር

ኅዳር 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ለውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር

ጉዳዩ፦ ወደ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የሚገባውና ከግድቡ የሚለቀቀው የውኃ መጠን በየቀኑ ለሕዝብ እንዲገለጽ ስለመጠየቅ

ክቡራን የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ አራት ኪሎ ካለችው አነስተኛ ቢሮዬ ሆኜ ነው። ሥራዬ ከዐረብኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛም ወደ ዐረብኛ ሰነድ መተርጎም ሲሆን፣ በሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰበት ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ወዲህ አብዛኞቹ ደንበኞቼ ከዚያ አገር ተሰደው የመጡ ሰዎች ናቸው። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ውል፣ የትምህርት ማስረጃ፣ አንዳንዴም የቤት ካርታ ይዘው ይመጣሉ፤ ዋናው ሰነድ ጠፍቶበት በስልክ የተነሣው ፎቶ ብቻ የተረፈለትም ጥቂት አይደለም። ለእናንተ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን ከእነዚህ ሰነዶች አንዱ አይደለም። ባለፈው መስከረም አንድ ደንበኛዬ ጠይቀውኝ መልስ ያጣሁለት ጥያቄ ነው።

ሰውየው በሱዳን፣ በጥቁር ዓባይ ዳር ባለችው በሲንጃ ከተማ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ከተማዋ በሰኔ 2016 ዓ.ም. ከመንግሥቱ ጦር ጋር በሚዋጋው በፈጥኖ ደራሽ ኃይል እጅ ስትወድቅ ቤተሰባቸውን ይዘው ወጡ፤ የመንግሥቱ ጦር መልሶ ከያዛት በኋላ ግን ታናሽ ወንድማቸው ወደ ማሳው ተመልሷል። ማሳው እነርሱ ጀርፍ የሚሉት ዓይነት ነው፤ ወንዙ ሞልቶ ሲጎድል ጥሎት በሚሄደው ደለል ላይ የሚዘራ የወንዝ ዳር መሬት ማለት ነው። ያን ዕለት ወንድምየው በድምፅ መልእክት «ውኃው ከትናንት ዛሬ ጨምሯል፤ የዘንድሮውን ጠባይ አላውቀው አልኩ» እያለ ይጨነቅ ነበር። መምህሩ ለትርጉም ክፍያ በሰጠኋቸው ደረሰኝ ጀርባ ላይ በእርሳስ የጻፉትን አሳዩኝ። ከላይ ወደ ታች በሱዳን ያሉት የወንዙ መለኪያ ጣቢያዎች፣ ሮሴሬስ፣ ሴናር፣ መደኒ፣ ካርቱም ተብሎ ተጽፎ፣ ከየስሙ ትይዩ የዕለቱ አሃዝ ሰፍሯል። ከሁሉም በላይ «ኢትዮጵያ» የሚል አንድ መስመር ነበረ፤ ከጎኑ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ከዚያም ቀና ብለው፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ፣ «ያ ኡስታዛ፣ ዛሬ ስንት ለቀቃችሁ?» አሉኝ።

ስልኬን አውጥቼ በአማርኛም በዐረብኛም ፈለግሁ። የምረቃውን ንግግሮች አገኘሁ፤ መግለጫዎች አገኘሁ፤ የግብፅ ምሁራን ከሳተላይት ምስል አነበብን የሚሉትን ግምት ደግሞ በብዛት አገኘሁ። የዕለቱን ልክ ግን ከባለቤቱ አፍ ማግኘት አልቻልሁም። በማግሥቱ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ደወልሁ፤ ጥያቄዬን በትሕትና ያዳመጡኝ ሠራተኛ ወደ ሌላ ክፍል መሩኝ፤ ያ ክፍል ደግሞ በደብዳቤ ጠይቂ አለኝ። መምህሩ ደረሰኙን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ ባዶው መስመር እንደ ባዶ ቀረ።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ኢትዮጵያ በየማለዳው የግድቡን ሐይቅ ከፍታ፣ ባለፈው ቀንና ሌሊት ወደ ሐይቁ የገባውንና ከግድቡ የወጣውን የውኃ መጠን፣ እንዲሁም በሚቀጥሉት ሦስት ቀናት ለመልቀቅ የታሰበውን በአማርኛ፣ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ለዓለም ታሳውቅ። ማንም ሳያስገድዳት፣ የማንንም ፊርማ ሳትጠብቅ፣ በራሷ ውሳኔ ታድርገው።

ጉዳዩን ከሩቅ ሆኜ አላነሣሁትም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ወላጆቼ በስደት ካርቱም ገብተው፣ ብዙ የአገራችን ሰው ተጠግቶ በኖረበት በዴም ሰፈር አሳድገውኛል። እነርሱ ደሚራ የሚሉት የሙላት ወቅት በመጣ ቁጥር፣ ጎረቤታችን የነበሩ አንድ አዛውንት ሬዲዮናቸውን ደጃፍ ላይ አስቀምጠው የወንዙን ከፍታ ያዳምጡ ነበር። አንባቢው የመለኪያ ጣቢያዎቹን ስም ከላይ ወደ ታች እየጠራ ሜትርና ሴንቲ ሜትሩን ሲናገር ግቢው ሁሉ ጸጥ ይላል። በነሐሴ 1980 ዓ.ም. ካርቱም በዝናብና በሙላት ስትጥለቀለቅ፣ ማታ የት እንደምናድር የምንወስነው ያን ዝርዝር ሰምተን ነበር። ወንዙን አዝረቅ ይሉታል። በመጻሕፍት ቋንቋ ሰማያዊ ማለት ነው፤ በሱዳኖች አነጋገር ግን ጠቆር ያለውንም ሰው አዝረቅ ይሉታልና፣ እኛ ጥቁር ዓባይ ማለታችን ከእነርሱ ስያሜ ጋር የሚገናኝ ይመስለኛል። ያ ዝርዝር በየዓመቱ የሚጀምረው ከድንበሩ ወዲያ ነበር፤ ከድንበሩ ወዲህ ያለው ወንዝ በሬዲዮው ውስጥ አልነበረም። ያኔ ግድብ ስላልነበረን የምንናገረው ልክም አልነበረንም። ዛሬ አለን።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ የመሠረት ድንጋዩ ሲቀመጥ እንደ ብዙው ደመወዝተኛ የአንድ ወር ደመወዜን በቦንድ ሰጥቻለሁ፤ በአሥራ ሁለት ወር ተከፋፍሎ ተቆርጦልኛል። የምስክር ወረቀቱ ዛሬም ከቤቴ ሰነዶች ጋር በአንድ ፖስታ ውስጥ ይገኛል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅ ከሰፈሬ ሰው ጋር ቆሜ አልቅሻለሁ። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውና 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ ሥራ በራሳችን ገንዘብ ፈጽመናል፤ ድንበሩን አቋርጦ በአማካይ በዓመት የሚያልፈው የጥቁር ዓባይ ውኃ 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ መሆኑን ያሰበ ሰው የሐይቁን ትልቅነት ይረዳዋል። ከዓመት ተኩል ያላነሰ የወንዝ ውኃ በአንድ አገር እጅ ገብቷል ማለት ነው። ይህ ለእኛ ኩራት ነው፤ ሲንጃ ለተቀመጠው ገበሬ ግን፣ ደግም ብንሆን፣ ማሳው በማያየው ሰው እጅ ገባ ማለት ነው። ሁለቱም ስሜት እውነት ነው፤ የዲፕሎማሲያችንም ሥራ ሁለተኛውን ስሜት እንደ ጠላት ወሬ ከመቁጠር መታቀብ ይመስለኛል።

በዓባይ ጉዳይ የእኛ አቤቱታ ከመቶ ዓመት በላይ አንድ ነበር፤ ሳይነግሩን ተዋዋሉብን የሚል። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የተፈረመው ውል ከጥቁር ዓባይ፣ ከጣና ሐይቅና ከሶባት ወንዝ የሚወርደውን ውኃ የሚያቆም ሥራ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት እንዳይሠራ ይላል፤ «ማቆም» ማለት ምን ማለት ነው የሚለው ክርክር ስንት ዘመን እንደ በላ ከእናንተ የተሰወረ አይደለም። በጥቅምት 1952 ዓ.ም. ደግሞ ግብፅና ሱዳን በዓመት 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብለው የገመቱትን ውኃ፣ 55.5 ለግብፅ፣ 18.5 ለሱዳን፣ 10 ለትነት ብለው ሲደለድሉ፣ ከአስዋን የሚደርሰው ውኃ አብዛኛው የሚፈልቅባት አገር በስብሰባው ላይ ወንበር አልነበራትም። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ኢትዮጵያ በውኃዋ የመጠቀም መብቷን በጽሑፍ ብታሳውቅም የሰማት አልነበረም። እኔ እንደ ተርጓሚ የእነዚያን ዘመናት ወረቀቶች ሳነብ ከሁሉ የሚያመኝ የአሃዙ ማነስና መብዛት አይደለም፤ እንደሌለን መቆጠራችን ነው። አሁን ቁልፉ ወደ እኛ ሲዞር፣ በእኛ ላይ የተደረገውን በሲንጃው ገበሬ ላይ እንዳንደግመው እሰጋለሁ።

ወደ ዛሬው የጎረቤቶቻችን ሁኔታ ልመለስ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ግብፅ ከሶማሊያ ጋር የመከላከያ ስምምነት ፈረመች፤ በመስከረም 2017 ዓ.ም. መጨረሻ የግብፅ፣ የኤርትራና የሶማሊያ መሪዎች አሥመራ ላይ ተሰበሰቡ። ከሶማሊያ ጋር የገባንበትን ውጥረት በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. አንካራ ላይ ማርገብ ቢቻልም፣ የውኃው ሙግት ወደ ባሕሩ ዳርቻ መውረዱን ማንም ያየዋል። እነዚህን ወዳጅነቶች እኔ መፍረድ አልችልም፤ ባለሙያዎቹ እናንተ ናችሁ። አንድ ነገር ግን ከደንበኞቼ አፍ በየቀኑ እሰማለሁ፦ የዚህ ሁሉ ሚዛን ያለው ሱዳን ላይ ነው። ሱዳን ከግድቡ የሚጠቅማትን አሳምራ ታውቃለች። ቀድሞ አብዛኛው ውኃ በሐምሌ፣ በነሐሴና በመስከረም ወርዶ አልቆ፣ በበጋ ወንዙ ይሳሳ ነበር፤ አሁን ፍሰቱ ዓመቱን ሙሉ ይደላደላል፣ ደለሉ ይቀንሳል፣ የሮሴሬስና የሴናር ግድቦችም ይጠቀማሉ። በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ሙላቱ አንድ መቶ ገደማ ሰው ገድሎ፣ የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያሳወጀባት አገር የግድብን ጥቅም ከማንም መማር አያስፈልጋትም። የሚያስፈራት ሌላ ነው፤ በበላይዋ ያለው በር መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ አለማወቅ። ያን ፍርሃት የሚሸጥላት አገር ሲመጣ ወዲያ ታዘነብላለች፤ ፍርሃቱ ሲለቃት ወደ እኛ ትመለሳለች። በእነዚህ ዓመታት የካርቱም አቋም ወዲያና ወዲህ ሲል የኖረው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

ለዚህ ሁለት አጋጣሚዎችን ላስታውስ። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሙሌት ሲካሄድ፣ ተጀመረ የሚል ዜና ወጣ፤ ወዲያው ተስተባበለ፤ ከዚያ ደግሞ ውኃው በዝናቡ ምክንያት በራሱ እንደ ሞላ ተነገረ። በዚያው ሰሞን የሱዳን የመስኖ ሚኒስቴር ድንበሩ ላይ ባለው የመለኪያ ጣቢያ ፍሰቱ በቀን በ90 ሚሊዮን ሜትር ኩብ መቀነሱን አሳወቀ። ሙሌቱ መብታችን ነበር፤ የያዝነውም 4.9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብቻ ነበር። ዓለም ልኩን ከእኛ ቀድሞ ከሱዳን መስማቱ ግን ትክክል የሠራነውን ሥራ ተደብቆ የተሠራ አስመሰለው። ሁለተኛው ባለፈው መስከረም የሆነው ነው። ሱዳን ውስጥ ሙላቱ ሲበረታ ግብፅ ግድቡን ከሰሰች፤ የውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ክሱን በመግለጫ አስተባበለ፤ በመግለጫውም የሁለት ወራት አማካይ ልቀት ተጠቀሰ። መግለጫውን እኔ ራሴ ለመምህሩ ወደ ዐረብኛ መልሼላቸዋለሁ። ረጋ ብለው አዳመጡኝና፣ የሒሳብ መምህር ናቸውና፣ «አማካዩ ጥሩ ነው፤ ወንድሜን የሚያሳስበው ግን ማክሰኞ ነው» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ አባባል እኔ የለኝም። የቀን ጥያቄ የቀን መልስ ይፈልጋል፤ መልሱም ከክሱ በኋላ ሲመጣ፣ እውነት እንኳ ቢሆን፣ ማስተባበያ እንጂ መረጃ አይባልም።

እዚህ ላይ የሚነሡ ሥጋቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ አንዱን ደግሞ እኔም ከልቤ እጋራዋለሁ። በመጀመሪያ የደኅንነቱ ጉዳይ አለ። የበሮቹ አሠራር፣ የጥበቃው ሁኔታና የግንቡ የውስጥ መለኪያዎች ምሥጢር ሆነው ይቆዩ፤ እኔ የምጠይቀው ይህን አይደለም። የሐይቁ ከፍታ ግን ምሥጢር መሆኑ ካበቃ ቆይቷል፤ ከሰማይ ሆነው የውኃን ገጽ ከፍታ የሚለኩ ሳተላይቶች አሉ፤ ካይሮ ያለ ባለሙያ ቤቱ ተቀምጦ ያነበዋል። እኛ ዝም በማለታችን የምንደብቀው ነገር የለም፤ አንባቢውን ለሌላ መተዋችን ብቻ ነው።

በሜኮንግ ወንዝ የደረሰው ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ቻይና በወንዙ የላይኛው ክፍል ላይ ተከታታይ ግድቦች ስትሠራ ለታችኞቹ አገሮች መረጃ ትሰጥ የነበረው በሙላት ወቅት ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የታችኛው ተፋሰስ በድርቅ ሲመታ፣ በ2020 በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ የተደገፈ አንድ ጥናት ከሳተላይት በተገኘ መረጃ ተመርኩዞ ግድቦቹ ውኃ ይዘዋል አለ። ቻይና ጥናቱን አልተቀበለችም፤ ባለሙያዎችም ተከራክረውበታል፤ ነገር ግን ወሬው አንዴ ከታይላንድ እስከ ቬትናም ተዳርሷል። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ቻይና ዓመቱን ሙሉ መረጃ ለመስጠት ከሜኮንግ ወንዝ ኮሚሽን ጋር ተስማማች። እኛን ከቻይና ጋር በኃይል የሚያወዳድር የለም፤ ያ ሁሉ አቅም ያላት አገር እንኳ የሌላ ሰው ንባብ ሥር ከወደቀች በኋላ ወደ ጠረጴዛው ከመጣች፣ እኛ ቀድመን መምጣታችን ይበጀናል። ሕንድና ፓኪስታንም ሲነሡ፣ በ1960 እ.ኤ.አ. የተፈራረሙት የኢንደስ ወንዝ ውል የየቀኑን የወንዝ ልክና የግድብ ልቀት በየወሩ እንዲለዋወጡ ያዛል፤ በመካከል ጦርነት እየተዋጉም ውሉ ቆይቷል። በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ሕንድ ውሉን አግጃለሁ ስትል ፓኪስታን ውስጥ ገበሬውን ካስጨነቁት ነገሮች አንዱ የዚያ መረጃ መቋረጥ ነበር።

ሁለተኛው ሥጋት ከባዱ ነው። ዛሬ በፈቃዳችን የምንናገረው አሃዝ ነገ ግዴታ ተደርጎ ይቆጠርብናል፤ የድርቅ ዓመት ሲመጣም ትንሹ ቁጥር በራሳችን ላይ ማስረጃ ይሆናል የሚል ነው። ይህን በቀላሉ አላልፈውም፤ የድርቅ ዓመት መምጣቱ አይቀርምና። ለዚህም ነው የገባውና የወጣው አብረው ይነገሩ ያልሁት። የወጣው ብቻ ከተነገረ፣ በጎደለ ቀን ኢትዮጵያ ያዘችው ይባላል። የገባውም አብሮ ከተነገረ ግን፣ ከጣና እስከ ጉባ ያለው ሰማይ ምን ያህል እንደ ሰጠ ሁሉም ያየዋል፤ የጎደለው ዝናብ ነው ወይስ የተያዘ ውኃ የሚለው ክርክር በመላምት መካሄዱ ይቀራል። አሥር ዓመት ሳይቋረጥ የተመዘገበ የማለዳ አሃዝ በእጃችን ቢኖር፣ በድርቅ ዓመት ከየትኛውም ጠበቃ ይልቅ እርሱ ይከራከርልናል። ሳይመዘገብ ወይም ሳይነገር ቆይቶ በድርቁ ዓመት ብቻ የሚወጣ ቁጥር ግን የሚያምነው አይኖርም። ግዴታ ይሆንብናል ለሚለው ደግሞ፣ አገር በራሷ መመሪያ የምታወጣው መረጃ ውል አይደለም፤ የውኃ ድልድልም የለበትም። ግብፅ የምትፈልገው ስንት እንደምንለቅ እንድንፈርም ነው፤ እኔ የምለው የለቀቅነውን እንድንናገር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሉዓላዊነታችን ልክ ነው።

ደግሞስ ቃሉን ሰጥተን የለም ወይ? መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የተፈረመው የመርሆዎች መግለጫ በአምስተኛው መርሕ፣ የግድቡ ባለቤት ዓመታዊ የአሠራር ደንቡን በየጊዜው ሊያስተካክል እንደሚችል መብታችንን አስከብሮ፣ ያልታሰበ ወይም አስቸኳይ ሁኔታ ሲያጋጥም ግን የታችኞቹን አገሮች እንደምናሳውቅ ይናገራል፤ የሦስቱ አገሮች የውኃ ሚኒስቴሮችም የቅንጅት መንገድ እንዲያበጁ ይጠይቃል። አሥራ አራት ዓመት ደክመን ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ደግሞ ከዚህ አልፎ፣ በሰባተኛው አንቀጹ አባል አገሮች መረጃ በየጊዜው እንዲለዋወጡ ያዛል። ግብፅና ሱዳን ይህን ስምምነት አልፈረሙም፤ ስለዚህ ለእነርሱ ዕዳ የለብንም የሚል ይኖራል። ከሩዋንዳ፣ ከታንዛኒያ፣ ከዩጋንዳ፣ ከቡሩንዲና ከደቡብ ሱዳን ጋር ሆነን ኑና ግቡበት ብለን የምንጠራቸው ግን እነርሱን ነው፤ ስምምነቱ በተግባር ምን እንደሚመስል ማየት ያለባቸውም እነርሱ ናቸው። ከዚያም ወዲያ የሮሴሬስንና የአስዋንን የዕለት ልክ በተራችን በአደባባይ መጠየቅ እንችላለን። ዛሬ ይህን ለመጠየቅ አፋችንን የሚይዘን የራሳችን ዝምታ ነው።

ስለ ዐረብኛው ትንሽ እንድናገር ፍቀዱልኝ፤ የማውቀው እርሱን ነውና። ስለ ውኃ የምናወጣቸው መግለጫዎች ወደ ዐረብኛ ሲመለሱ ብዙ ጊዜ በካይሮ ጋዜጦች ቃል ይመለሳሉ፤ የካይሮ ጋዜጦች ቃል ደግሞ ፍርዱን ይዞ ነው የሚመጣው። «ሒሳ» የምትለው ቃል ድርሻ ማለት ናት፤ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ስትገባ ግን የ1952ቱን ድልድል ጎትታ ታስገባለች። የእኛ የዕለት መረጃ ይህችን ቃል ፈጽሞ ሊጠቀምባት አይገባም። ለልቀቱ «ተስሪፍ»፣ ለሐይቁ ከፍታ «መንሱብ» የሚሉ ቃላት አሉ፤ የሱዳን የመስኖ መሐንዲስም ገበሬውም በየቀኑ የሚላቸው እነዚህን ነው፤ ወገን የላቸውም። «በሮቹ ተከፈቱ» የሚለውም አነጋገር ለጆሮ እንደ ማስፈራሪያ ይሰማል፤ ተርባይኖቹ ሥራ ላይ ናቸው፣ ይህን ያህል ውኃ አልፏል ማለት ይበቃል። መረጃው ከእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ከሰዓታት በኋላ የሚደርስ ከሆነ ጥቅሙ ግማሽ ነው፤ በሦስቱም ቋንቋ በአንድ ሰዓት መውጣት አለበት። በጦርነቱ ምክንያት መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር ያለ ሰው በአጭር መልእክትና በሬዲዮ እንዲያገኘው ቢታሰብበትም መልካም ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠሩ የዐረብኛ ተርጓሚዎች ሞልተናል፤ እኔ በበኩሌ የመጀመሪያውን ዓመት ያለ ክፍያ ለመሥራት ፈቃደኛ ነኝ፤ ይህንንም የምለው ለወግ አይደለም።

ሥራው አዲስ ማሽን አይጠይቅም። ግድቡን የሚያሠሩት መሐንዲሶች እነዚህን አሃዞች በየሰዓቱ ሳይመዘግቡ አንድ ተርባይን እንኳ ማዞር አይችሉም። ከእነርሱ መዝገብ ወደ ሕዝብ የሚደርስበት መንገድ ነው የጎደለው፤ መንገዱን የመክፈቱ ውሳኔ ደግሞ ከውኃ መሐንዲሶቹ ይልቅ የእናንተ የዲፕሎማቶቹ ይመስለኛል፤ ግልባጩን ለውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር አድርጌ ደብዳቤውን ለእናንተ የጻፍሁትም ስለዚህ ነው። ጊዜውም አሁን ነው። በጋ ነው፣ ወንዙ ጸጥ ብሏል፣ የሚከስስም የሚያስተባብልም የለም። ከግንቦት በፊት ከተጀመረ፣ በመጪው ክረምት ዝናቡ ሲመጣ የሱዳን ገበሬ ከእኛ መስማትን ለምዶ ይቆያል፤ በነሐሴ ሙላት መካከል ቢጀመር ግን እንደ ገና ማስተባበያ ይመስላል።

መምህሩ የልጃቸውን የትምህርት ማስረጃ ትርጉም ለመውሰድ በጥር ወር መጀመሪያ ይመለሳሉ። ያን ደረሰኝ ዛሬም ከኪስ ቦርሳቸው አላወጡትም፤ በቀደም ሲደውሉልኝ «ያቺ መስመር ሞላች?» ብለው ጠይቀውኛል። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ጉዳዩን ከውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ጋር መክሮ የደረሰበትን ውሳኔ በይፋ እንዲያሳውቀን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣

አንዲት የዐረብኛና የአማርኛ ሰነድ ተርጓሚ
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ